ያልገጠመው ሦስት ማዕዘን፦ አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ሐሳብ አመጣጥ

አልፍሬድ ቬገነር የተባለ ጀርመናዊ ስለ አህጉራትና ስለ ውቅያኖሶች አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳይጠብቅ የሚያገኛቸው ሦስት ስሞች አሉ፤ አንኮበር፣ በርበራና ምጽዋ። ቬገነር ስሞቹን ያነሣው ስለ ሸዋ ነገሥታት ወይም ስለ ቀይ ባሕር ንግድ ሊያወራ አይደለም። ቀይ ባሕርን መዝጋት ፈልጎ ነው። የአረቢያን ምድር ገፍቶ ወደ አፍሪካ ሲያስጠጋው የሁለቱ ዳርቻ ከሞላ ጎደል ይገጥማል። አንድ ቦታ ላይ ግን አልገጥም ይላል። በእነዚህ ሦስት ስሞች መካከል ያለው፣ ዛሬ አፋር የሚባለው ዝቅተኛ ምድር ተርፎ ይቀራል። ያ ሦስት ማዕዘን ከካርታው ተቆርጦ ቢወጣ ግን ሁለቱ ዳርቻዎች እንደሚገናኙ ቬገነር ጻፈ።

ካርታ አልገጥም ሲል የማይመቸውን ቁራጭ በመቀስ ቆርጦ መጣል ከማጭበርበር ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው። ቬገነር ግን ምክንያት ነበረው። ያ ምድር በአዲስ የእሳተ ገሞራ አለት የተሸፈነ በመሆኑ ከጥንቱ አህጉር ጋር መቆጠር የለበትም ባይ ነው። አፋርን ወርዶ አላጠናውም፤ ሌሎች የጻፉትን አንብቦ ነው የፈረደው። ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ወስዷል።

የአህጉራት መንቀሳቀስ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተረት ይነገራል። አንድ ሊቅ ካርታ አየ፣ ነገሩ ገባው፣ አላዋቂዎች ሳቁበት፣ ከሞተ በኋላ ትክክል ሆኖ ተገኘ ይባላል። እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። የሳቁበት ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም፤ እሱም በብዙ ነገር ተሳስቷል። ክርክሩ ያረፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፦ አንድ ነገር መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ በእጅ እያለ፣ እንዴት እንደሆነ ግን ካልታወቀ፣ ነገሩን እውነት ብሎ መቀበል ይገባል ወይ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉም ያየው ነገር

የደቡብ አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻና የአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እንደሚመሳሰሉ ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የብራዚል ትከሻ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ብብት ሥር እንደሚገባ ካርታ የተሰጠው ተማሪ ሁሉ ያየዋል። አትላንቲክ በካርታ ላይ በቅጡ መሣል ከጀመረ ወዲህም ነገሩን የሚያነሣ ሰው አልጠፋም። የአንትወርፑ ካርታ ሠሪ አብርሃም ኦርቴሊየስ በ1596 ባሳተመው የቦታ ስሞች መዝገብ፣ አሜሪካ በመሬት መንቀጥቀጥና በጎርፍ ከአውሮፓና ከአፍሪካ የተገነጠለች መሆኗን ጽፏል። በ1858 አንቶኒዮ ስናይደር ፔሌግሪኒ ፓሪስ ውስጥ ሁለት ካርታዎች አሳተመ፤ በአንዱ አህጉራቱ ተጋጥመው፣ በሌላው ተለያይተው ይታያሉ። መለያየቱንም ከኖኅ ዘመን የጥፋት ውሃ ጋር አያያዘው። በ1910 ደግሞ ፍራንክ ቴይለር የተባለ አሜሪካዊ የታላላቅ ተራሮችን አቀማመጥ ተመልክቶ አህጉራት ተንሸራተዋል የሚል ጽሑፍ አወጣ።

እንግዲህ የጎደለው የሚያይ ዓይን አልነበረም። ነገር ግን የቅርጽ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ደመናም አንዳንዴ አንበሳ ይመስላል።

በዚያ ዘመን በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት የነበረው ትምህርት ሌላ ነበር። መሬት ስትፈጠር የጋለች ነበረች፤ እየቀዘቀዘች ስትሄድ ትኮማተራለች፤ ስትኮማተርም ቅርፊቷ እንደ ደረቀ ፍሬ ልጣጭ ይጨማደዳል። ተራሮች የዚህ ጭምድድ ሽብሽቦች ናቸው፤ ከምድሩም ከፊሉ ሰምጦ የባሕር ወለል ይሆናል። የዚህ ትምህርት ታላቅ ጸሐፊ የቪየናው ኤድዋርድ ዙስ ነበር። ዙስ ዛሬ በባሕር በተለያዩ የደቡብ ምድሮች ተመሳሳይ ቅሪተ አካል መገኘቱን አይቶ ጥንት አንድ ሰፊ ምድር እንደነበር ተናገረ። ስሙንም ህንድ ውስጥ ካለው የጎንድ ሕዝብ አገር ወስዶ ጎንድዋና አለው። በእሱ አመለካከት ግን ጎንድዋና አልተበታተነም፤ መካከሉ ሰምጦ ባሕር ሆነ። ሌሎችም በአህጉራት መካከል ረጃጅም የየብስ ድልድዮች ነበሩ፣ እንስሳቱ በእነሱ ከተሻገሩ በኋላ ድልድዮቹ ሰመጡ ይሉ ነበር። ስለዚህ ተመሳሳይ ቅሪተ አካል በሁለት አህጉር መገኘቱ ማንንም አላስጨነቀም፤ መልስ ነበረው።

ድልድዩ ለምን ሊሰምጥ አይችልም?

ቬገነር በ1880 በርሊን ተወለደ። የዶክትሬት ትምህርቱን የጨረሰው በሥነ ፈለክ ነው፤ የተሰማራው ግን በአየር ጠባይ ጥናት ነበር። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በፊኛ ወጥቶ ከሃምሳ ሁለት ሰዓት በላይ በአየር ላይ በመቆየት የዘመኑን ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ከዴንማርክ ተመራማሪዎች ጋር ወደ ግሪንላንድ ሄዶ ሁለት ክረምት በበረዶ ውስጥ አሳለፈ። የሥነ ምድር ባለሙያ አልነበረም፤ ይህም በኋላ ብዙ ጊዜ ተነሥቶበታል።

በ1910 የገና ሰሞን ማርቡርግ ውስጥ አንድ የሥራ ባልደረባው ያገኘውን አዲስ አትላስ ሲያገላብጥ የአትላንቲክ ሁለት ዳርቻዎች መመሳሰል ገረመው። ነገሩን ለእጮኛው ለኤልሰ ኮፐን በደብዳቤ ጻፈላት፤ ከዚያ ግን የማይመስል ነገር ነው ብሎ ተወው። በ1911 መገባደጃ ላይ በአጋጣሚ እጁ የገባ አንድ ጽሑፍ ወደ ሐሳቡ መለሰው። ጽሑፉ በአትላንቲክ ግራና ቀኝ የተገኙ ተመሳሳይ ቅሪተ አካላትን ዘርዝሮ ምክንያቱን በየብስ ድልድይ ያስረዳ ነበር።

ቬገነር ቅሪተ አካሉን ተቀበለ፤ ድልድዩን አልተቀበለም። ያልተቀበለበት ምክንያት የፊዚክስ ነው። የስበት ልኬቶች እንዳሳዩት አህጉራት የተሠሩት ከውቅያኖስ ወለል ይልቅ ቀለል ካለ አለት ነው፤ ከሥራቸው ባለው ከባድ አለት ላይም እንደመንሳፈፍ ብለው ይኖራሉ። ቀላል ነገር ደግሞ በከባድ ነገር ውስጥ ሰምጦ አይቀርም። የእንጨት ግንድ ወንዝ ወለል ላይ ተኝቶ እንደማይቀር ሁሉ፣ አህጉር የሚያህል ድልድይም ዱካው ጠፍቶ ሊሰምጥ አይችልም። እንስሳቱ ውቅያኖሱን ዋኝተው ካልተሻገሩ፣ ድልድዩም ካልሰመጠ፣ የሚቀረው አንድ መልስ ብቻ ነው። የሄደው ምድሩ ራሱ ነው።

ሐሳቡ በእውነት የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ካርታውን ከእሱ በፊት ብዙዎች አይተውታል። ቬገነር ያደረገው በሁለት የተለያዩ ክፍሎች የሚሰጡ ሁለት ትምህርቶችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ቅሪተ አካል አጥኚው ድልድይ ያስፈልገኛል ይላል፤ የስበት አጥኚው ድልድይ ሊሰምጥ አይችልም ይላል። ሁለቱ በየቤታቸው እስካሉ ድረስ ግጭት የለም። ግጭቱን ለማየት በሁለቱም ቤት እንግዳ መሆን ሳይጠቅመው አልቀረም።

ጃንዋሪ 6 ቀን 1912 ፍራንክፈርት ውስጥ በጂኦሎጂስቶች ስብሰባ ፊት ሐሳቡን ሲያቀርብ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ዳግመኛ ወደ ግሪንላንድ ሄዶ የበረዶውን ምድር ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ዘመተ፤ ሁለት ጊዜ ቆሰለ። መጽሐፉ በ1915፣ አውሮፓ በጦርነት ላይ እያለች፣ 94 ገጽ ሆኖ ታተመ።

የተቀደደው ጋዜጣ

ቬገነር የማስረጃውን ባሕርይ ለማስረዳት የተቀደደ ጋዜጣን ምሳሌ አድርጓል። የቁርጥራጮቹ ጠርዝ መግጠሙ አንድ ነገር ነው፤ የታተሙት መስመሮች ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ሳይቋረጡ ማለፋቸው ግን ጥርጣሬን ያስወግዳል። የብራና መጻሕፍት የሚያጠኑ ሰዎች ይህ ምሳሌ ወዲያው ይገባቸዋል። ሁለት ቅጠሎች በሁለት አገር ቤተ መጻሕፍት ቢገኙ፣ በአንዱ መጨረሻ የተቋረጠው ዓረፍተ ነገር በሌላው መጀመሪያ ከቀጠለ፣ የእጅ ጽሕፈቱም አንድ ከሆነ፣ የአንድ መጽሐፍ ቅጠሎች ናቸው። ማን እንደገነጠላቸውና በየትኛው መርከብ እንደተጫኑ አለመታወቁ ይህን አይለውጠውም።

በአህጉራት ጠርዝ የሚያልፉት መስመሮች ብዙ ነበሩ። ሜሶሳውረስ የሚባል ጥንታዊ ተሳቢ እንስሳ ቅሪተ አካል የሚገኘው በደቡባዊ አፍሪካና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው፤ ትንሽ እንስሳ ስለሆነ ውቅያኖስ ያቋርጣል ተብሎ አይታሰብም። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ተራሮች ባሕር ላይ ደርሰው ይቋረጡና ተመሳሳዩ አለት ከቦነስ አይረስ በስተደቡብ ይቀጥላል። ግሎሶፕተሪስ የሚባለው ምላስ የሚመስል ቅጠል ያለው ጥንታዊ ተክል በደቡብ አሜሪካ፣ በአፍሪካ፣ በህንድና በአውስትራሊያ ተገኝቷል። በ1912 ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ በብርድና በረሃብ ያለቁት የሮበርት ስኮት ጓዶች ሬሳቸው ሲገኝ፣ እስከ መጨረሻው ሳይጥሉ ሲጎትቱት በነበረው 16 ኪሎ ገደማ ድንጋይ ውስጥም ያው ቅጠል ነበር። ዛሬ ዛፍ በማይበቅልበት አንታርክቲካ ጥንት ደን ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው የበረዶው ዱካ ነው። ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ታላላቅ የበረዶ ግግሮች በደቡብ አፍሪካ፣ በደቡብ አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በህንድ አለቶች ላይ ጭረት ትተው አልፈዋል። በዚያው ዘመን ገደማ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሞቃታማ ደኖች በቅለው የድንጋይ ከሰል ሆነዋል። አህጉራቱ ሁልጊዜ ዛሬ ባሉበት ቦታ ከነበሩ፣ ህንድ በበረዶ ተሸፍና እንግሊዝ በሐሩር ደን ለምልማ ነበር ማለት ነው። አህጉራቱን ገጣጥሞ በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ላስቀመጣቸው ሰው ግን የተበታተነው በረዶ አንድ ቆብ ሆኖ ቦታው ላይ ይቀመጣል።

የተቃዋሚዎቹ ድርሻ

ከጦርነቱ በኋላ መጽሐፉ እየሰፋ ተደጋግሞ ታተመ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽም ወደ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽና ሩሲያኛ ተተረጎመ። በ1926 የአሜሪካ የነዳጅ ጂኦሎጂስቶች ማኅበር ኒው ዮርክ ውስጥ በሐሳቡ ላይ ጉባኤ ጠራ። የጉባኤው ጽሑፎች በ1928 ሲታተሙ የብዙዎቹ መንፈስ ተቃውሞ ነበር።

ተቃውሞው ባዶ አልነበረም። ቬገነር አህጉራትን የሚገፋው ኃይል ምንድን ነው ሲባል ሁለት ነገር ጠቅሷል። አንዱ ከምድር መሽከርከር የተነሣ ወደ ምድር ወገብ የሚገፋ ኃይል ነው፤ ሌላው የፀሐይና የጨረቃ ስበት። የኬምብሪጁ ሃሮልድ ጄፍሪስ ኃይሎቹን አስልቶ አህጉር ለማንቀሳቀስ እጅግ ደካማ መሆናቸውን አሳየ። ስሌቱ ትክክል ነበር። ሌላም ጥያቄ ተነሣ፦ አህጉራት የባሕሩን ወለል እንደ መርከብ ሰንጥቀው የሚሄዱ ከሆነ ወለሉ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ የአህጉሩን ግንባር አጨማዶ ተራራ እንዴት ሊያቆም ይችላል? ለዚህም ቬገነር በቂ መልስ አልነበረውም።

በራሱ መስክም ተሳስቷል። ግሪንላንድ ከአውሮፓ እየራቀች መሆኗን በኬንትሮስ ልኬት አረጋግጫለሁ ብሎ ነበር፤ የሰጠው ፍጥነት በዓመት በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው። አትላንቲክ በእውነት የሚሰፋው በዓመት ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ቬገነር እንቅስቃሴ ብሎ የያዘው የመሣሪያዎቹን ስሕተት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው። የተሳሳቱት ከዚህ በኋላ በወሰዱት እርምጃ ነው። የቀረበው ኃይል አህጉር አያንቀሳቅስም ከሚለው ተነሥተው አህጉር አይንቀሳቀስም ወደሚለው ዘለሉ። የመጀመሪያው ስሌት ነው፤ ሁለተኛው እምነት ነው። እነዚሁ ሊቃውንት በሌላ ቦታ እንዲህ አላደረጉም። ሰሜን አውሮፓ ጥንት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ እንደነበር ጂኦሎጂስቶች ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተቀብለውታል። በረዶው ለምን እንደመጣና ለምን እንደሄደ ግን የተስማሙበት ምክንያት አልነበራቸውም። የተቧጨረው አለት ይበቃቸው ነበር። የሚያስደንቀው፣ ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ለዚያ ጥያቄ ያቀረበውን መልስ በ1924 በመጽሐፋቸው ውስጥ አካተው ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ ራሱ ቬገነር ነው፤ ሌላው አማቱ ቭላድሚር ኮፐን ነበር።

ታዲያ በረዶ ያለ ምክንያት ሲታመን የአህጉር ጉዞ ለምን ያለ ምክንያት አልታመነም? በረዶውን መቀበል ከቀድሞው ትምህርት ብዙ አያፈርስም ነበር። የአህጉራትን ጉዞ መቀበል ግን ስለ ተራሮች፣ ስለ ባሕሮችና ስለ ቅሪተ አካላት የተጻፈውን ሁሉ እንደገና መጻፍ ይጠይቃል። በ1928ቱ ጽሑፎች ውስጥ የተጠቀሰ አንድ አስተያየት ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል፤ የቬገነርን ሐሳብ ካመንን ባለፉት ሰባ ዓመታት የተማርነውን ረስተን ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው የሚል ይዘት ነበረው። የተባለው እንደ ማፌዣ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ የሆነው ግን ልክ ይህ ነው።

ከየት ቆሞ እንደሚታይ

ሐሳቡ በሁሉም ቦታ አልተጣለም። የሚያምኑበት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚገኙት አለቱ ከእግራቸው ሥር ባለበት፣ በደቡብ ነበር። ከእነሱ ዋናው ደቡብ አፍሪካዊው አሌክሳንደር ዱ ቶይ ነው። ዱ ቶይ የአገሩን ምድር በእግሩና በብስክሌት ዞሮ ካርታ ያነሣ ሰው ነበር። በ1923 ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ የዚያን ምድር አለት ንብርብር በንብርብር ከአገሩ ጋር አነጻጸረ። በ1927 ያሳተመው ጥናት ሁለቱ ዳርቻዎች አንድ እንደነበሩ የሚናገር ዝርዝር ምስክርነት ሆነ። በ1937 ስለሚንከራተቱት አህጉራት ሌላ መጽሐፍ አውጥቶ ለቬገነር መታሰቢያ አደረገው።

ኒው ዮርክና ለንደን ላሉ ሊቃውንት የደቡቡ ማስረጃ ሩቅ ነበር፤ ከሌላ ሰው ጽሑፍ የሚያነቡት ነገር ነው። መጽሔቶቹና ጉባኤዎቹ ሰሜን ነበሩ፤ ጭረት ያለበት አለት ደቡብ ነበር። ማስረጃውን የያዘው ሰውና ማስረጃው ይበቃል አይበቃም የሚለው ሰው በአንድ ቦታ አለመኖራቸው ለሐሳቡ መዘግየት አንዱ ምክንያት ነው።

ኃይሉን በተመለከተ ደግሞ መልሱ ከተጠበቀው በፊት ቀርቦ ነበር። እንግሊዛዊው አርተር ሆምስ የአለቶችን ዕድሜ በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች የሚለካ ሊቅ ነበር። እነዚህ ንጥረ ነገሮች በመሬት ውስጥ ሙቀት እንደሚያመነጩ ስለሚያውቅ፣ መሬት ዝም ብላ እየቀዘቀዘች ትኮማተራለች የሚለው ትምህርት አላጠገበውም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ከቅርፊቱ በታች ያለው የጋለ አለት ጠጣር ቢሆንም በረጅም ዘመን ውስጥ በዝግታ ይዘዋወራል፤ ድስት ውስጥ እንዳለ ወጥ የሞቀው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ አህጉራትም በዚህ ዝውውር ላይ ተጭነው ይሄዳሉ። እንዴት? ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘ ማለት ነው። ሆኖም ክርክሩ አልተዘጋም። መልሱን የሚያረጋግጥ ልኬት አልነበረም፤ የነበረውን ትምህርት መተው የፈለገም ጥቂት ነው።

ግሪንላንድ

ቬገነር የዚህን ሁሉ ፍጻሜ አላየም። በ1930 ታላቅ የምርምር ጉዞ መርቶ አራተኛ ጊዜ ወደ ግሪንላንድ ሄደ። ዓላማው የበረዶውን ውፍረትና የአየሩን ጠባይ መለካት ነበር። ከዳርቻው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብቶ በበረዶው መካከል በተቋቋመው ጣቢያ ሁለት ባልደረቦቹ ክረምቱን ሊያሳልፉ ነበር፤ ስንቅ ግን በበቂ አልደረሳቸውም። ቬገነር በሴፕቴምበር መጨረሻ ከፍሪትዝ ሎቨና ከአሥራ ሦስት ግሪንላንዳውያን ጋር በውሻ ስሌጅ ተነሣ። ብርዱ ሲበረታ ከአንድ በቀር ግሪንላንዳውያኑ ተመለሱ። ኦክቶበር 30 ቀን ቬገነር፣ ሎቨና ራስሙስ ቪሉምሰን የተባለው ወጣት ግሪንላንዳዊ ጣቢያው ደረሱ። የሎቨ እግር ጣቶች በብርድ ሞተው ስለነበር እዚያው በኪስ ቢላዋ ተቆረጡ።

ለአምስት ሰው የሚሆን ስንቅ አልነበረም። ኖቬምበር 1 ቀን ቬገነር ሃምሳ ዓመት ሞላው፤ በዚያው ዕለት ከቪሉምሰን ጋር የመመለሻውን መንገድ ጀመረ። ዳርቻው ላይ አልደረሱም። በሜይ 1931 የቬገነር ሬሳ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ፤ መቃብሩ ላይ ምልክት እንዲሆን የእሱ ስኪ ተተክሎ ነበር። የቀበረው ቪሉምሰን ነው። ቪሉምሰን ራሱ ከዚያ ወዲያ አልተገኘም።

የሴት ወሬ፣ የግብዣ ወሬ

መልሱ የመጣው ቬገነር ሊያየው ካልቻለው ቦታ፣ ከባሕር ወለል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መርከቦች በድምፅ ሞገድ የባሕሩን ጥልቀት እየለኩ አትላንቲክን ይመላለሱ ጀመር። ሜሪ ታርፕ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር በነበረው የላሞንት የምርምር ጣቢያ ልኬቶቹን ወደ ሥዕል የምትቀይር ባለሙያ ነበረች። ሴቶች በምርምር መርከቦቹ ላይ አይሳፈሩም ነበርና፣ ብሩስ ሂዘን ባሕር ላይ ሆኖ የሚያመጣውን ቁጥር እሷ ቢሮ ውስጥ ሆና ትሥለዋለች።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ታርፕ አንድ ነገር አስተዋለች። በአትላንቲክ መካከል ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው የባሕር ውስጥ ተራራ ጫፉ ላይ ሸለቆ አለው፤ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይም ያው ሸለቆ ይታያል። ሸለቆው ምድር እዚህ ላይ እየተሰነጠቀች ነው ይላል፤ ይህም የአህጉራትን ጉዞ ያስታውሳል። ሂዘን በመጀመሪያ የሴት ወሬ ብሎ አጣጣለው። በኋላ ሌላ ባልደረባቸው የባሕር ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ቦታዎችን በካርታ ላይ ሲያስቀምጥ ነጥቦቹ በታርፕ ሸለቆ ላይ ተደረደሩ። ሸለቆውን እየተከተሉ ሲሄዱ በህንድ ውቅያኖስ አልፎ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ገባ። ከዚያ ማዶ በየብስ ላይ የሚጠብቀው የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ነው።

በ1962 ሃሪ ሄስ አዲስ የባሕር ወለል በእነዚህ ተራሮች ላይ እየተሠራ ወደ ግራና ቀኝ እንደሚሄድ ጻፈ። በ1963 ፍሬድ ቫይንና ድረመንድ ማቲውስ ማረጋገጫ የሚሆን መንገድ አቀረቡ። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ የዘመኑን የመሬት ማግኔት አቅጣጫ ይዞ ይጠነክራል፤ የመሬት ማግኔት ደግሞ በየዘመኑ ይገለበጣል። የባሕር ወለል ከመካከል ወደ ውጭ የሚሰፋ ከሆነ በሁለቱም ወገን መስተዋት እንደሚያሳየው ዓይነት ተመሳሳይ ሸንተረር መታየት አለበት። ታየም። ካናዳዊው ሎረንስ ሞርሊም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፎ ለሁለት መጽሔቶች ልኮ ነበር፤ ሁለቱም አልተቀበሉትም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ እንዲህ ያለው ነገር ለግብዣ ጨዋታ ይሆናል እንጂ ለቁም ነገር መጽሔት አይሆንም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠው። ታርፕ የሰማችው የሴት ወሬ መባልን ነው፤ ሞርሊ የሰማው የግብዣ ወሬ መባልን። ሁለቱም ጊዜ ማስረጃው አልተመረመረም፤ የተመደበው ከወሬ ተራ ነው።

ከ1967 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ነገሩ በሙሉ ወደ አዲስ ትምህርት ተጠቃለለ። የምድር ቅርፊት በትልልቅ ሰሌዳዎች የተከፈለ ነው፤ አህጉራት በሰሌዳዎቹ ላይ ተጭነው ይሄዳሉ እንጂ ባሕሩን አይሰነጥቁም። ይህ የቬገነር ትምህርት ቃል በቃል አይደለም። ጋዜጣው አንድ እንደነበር ግን እሱ እንዳነበበው ሆነ።

ተቆርጦ የወጣው ምድር

የዓለም የውቅያኖስ ተራሮች ከባሕር ብቅ ብለው በየብስ የሚታዩባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አይስላንድ አንዱ ነው፣ አፋር ሌላው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የፈረንሳይና የጣሊያን ተመራማሪዎች ወደ አፋር ወርደው በኤርታሌ አካባቢ ያለው አለት ከባሕር ወለል አለት ጋር እንደሚመሳሰል አገኙ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ተቋም የምድሩን መንቀጥቀጥ ይመዘግብ ነበር። የመሠረተው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን በ1979 ባሳተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ላይ፣ ከመሣሪያዎቹ መዝገብ ሌላ ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻ ተጠቅሟል። የንጉሥ ታሪክ ጸሐፊ እንደ መዓት ምልክት የመዘገበው መናወጥ ከዘመናት በኋላ የሰሌዳዎች ጉዞ ምስክር ሆነ። ጸሐፊው መናወጡ እንዴት እንደመጣ አያውቅም፤ መሆኑን ግን ጽፎ አስቀምጦታል።

ቬገነር ቆርጦ ያወጣው ሦስት ማዕዘን ሲጠና ፍርዱ በአብዛኛው ትክክል ሆኖ ተገኘ። በስተምሥራቅ ያሉት የዳናኪል ተራሮች ጥንታዊ አለት ይዘዋል፤ የቀረው ወለል አብዛኛው ባለፉት ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፈሰሰ ባዝልት የተሸፈነ ነው። አረቢያና አፍሪካ አንድ በነበሩበት ዘመን ያ ወለል አልነበረም። እነሱ ሲለያዩ በመካከላቸው የተሠራ ምድር ነው። ካርታው እንዳይገጥም ያደረገው የመለያየቱ ውጤት ራሱ ነበር።

በሴፕቴምበር 2005 ከዳባሁ እሳተ ገሞራ በስተደቡብ ምድሩ ለቀናት ተንቀጠቀጠ፤ የአካባቢው አርብቶ አደሮችም አመድ ወደ ሰማይ ሲወጣ አዩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ከሳተላይት ምስል ጋር አገናዝበው ሲለኩት፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ ምድሩን እስከ ስምንት ሜትር ድረስ ከፍቶታል። በዓመት ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ለሚጓዝ ምድር ይህ በጥቂት ሳምንታት የተሄደ የብዙ መቶ ዓመታት መንገድ ነው። ቬገነር በግሪንላንድ በረዶ ላይ ሊለካው ሞክሮ የሳተው እንቅስቃሴ፣ በመቀስ ቆርጦ ባወጣው ምድር ላይ በሜትር ተለካ።